ጸጋ የጎደለ መሙያ አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በእምነት ዓምዳችሁ ላይ ስለ ሰው ድካምና ስለ እግዚአብሔር ጸጋ የወጡትን ሁለት ጽሑፎች አነበብኩ። አንደኛው ጸሐፊ አማኝ የቻለውን ያህል ይታገል፣ የጎደለውን ጸጋ ይሞላለታል ይላሉ። ሁለተኛው ደግሞ ሁላችንም ደካሞች ነን፣ ጸጋ ይሸፍነናል ብለው ነገሩን እዚያው ይዘጉታል። ላይ ላዩን ሲነበቡ የሚከራከሩ ይመስላሉ፤ ስሕተታቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም ጸጋን ከሰው ጥረት ኋላ አስቀምጠውታል። አንደኛው የሰውየው ጉልበት ሲያልቅ ይጠሩታል፤ ሁለተኛው ሰውየው ከወደቀ በኋላ መጋረጃ ያደርጉታል። የክርስትና ትምህርት ጸጋን የሚያስቀምጠው ከፊት ነው፤ ይህን መረዳት ደግሞ ሰው ነገ ጠዋት ተነሥቶ የሚያደርገውን ይለውጣል።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይጥራ። «ራስህን ርዳ፣ እግዚአብሔርም ይረዳሃል» የሚለው አባባል ከሰው አፍ አልፎ ስብከት ውስጥ ገብቷል፤ ብዙዎችም ጥቅስ ይመስላቸዋል። ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ቢፈለግ አይገኝም። ሮሜ 5፥6 ላይ የሚገኘው ተቃራኒው ነው፤ ክርስቶስ የሞተው «ገና ደካሞች ሳለን» ነው። ሐዋርያው በርትተን ስንገኝ ወይም መንገዱን እስከ እኩሌታው ስንመጣ አላለም።

ክርክሩ የቆየ ስለሆነ የቀደሙት የደረሱበትን ማወቅ ብዙ ልፋት ያስቀራል። ጴላግዮስ የተባለው መምህር ሮም ላይ ያየው የክርስቲያኖች ልል ኑሮ አስቆጣው። ሰነፎች በድካማቸው እንዳያመካኙ ሲል፣ ሰው ሕጉን የሚፈጽምበት ዐቅም በተፈጥሮው ተሰጥቶታል፣ ጸጋም ይኸው ተፈጥሮ፣ ሕጉና የክርስቶስ አርአያ ነው ብሎ አስተማረ። ነገሩ ከክፋት አልመነጨም፤ ዛሬም ይህንኑ ሳያውቁት የሚደግሙ ሰባክያን አብዛኞቹ ቅን ሰዎች ናቸው። በሰሜን አፍሪካ የምትገኘው የሂጶ ከተማ ጳጳስ አውግስጢኖስ ግን ትምህርቱ የት እንደሚያደርስ ገባው። እ.ኤ.አ. በ418 ካርቴጅ ላይ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ጳጳሳት ካወጧቸው ድንጋጌዎች ሁለቱ ለዛሬው ጉዳያችን ይጠቅማሉ። አንዱ፣ ጸጋ ያለፈውን ኃጢአት ለማስተሥረይ ብቻ ነው እንጂ ወደፊት ኃጢአት እንዳንሠራ አያግዝም የሚለውን አወገዘ። ሌላው፣ ጸጋ የተሰጠን ያለ እርሱም የምንችለውን ነገር በቀላሉ እንድንሠራው ነው የሚለውን አወገዘ፤ ምክንያቱንም ከዮሐንስ 15፥5 አመጣ። ጌታ «ያለ እኔ ምንም ልታደርጉ አትችሉም» አለ እንጂ ያለ እኔ ይከብዳችኋል አላለም። እ.ኤ.አ. በ431 የተሰበሰበው የኤፌሶን ጉባኤም የጴላግዮስን ባልደረባ የኬሌስጢዮስን ሐሳብ የሚይዙ ካህናት ከሥልጣናቸው እንዲሻሩ ደነገገ።

ልብ ላለ አንባቢ የመጀመሪያው ድንጋጌ ለሁለተኛው ጸሐፊያችሁ፣ ሁለተኛው ድንጋጌ ደግሞ ለመጀመሪያው ጸሐፊያችሁ መልስ ነው።

ይህ ሲባል ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ፊልጵስዩስ 2፥12 መዳናችሁን ፈጽሙ ይላል፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ ምክንያቱን ይሰጣል፤ መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነውና። ሰውየው ይሠራል፤ የሚሠራበትን ፈቃድ ራሱ ግን ተቀብሎታል። አብያተ ክርስቲያናት የነጻ ፈቃድን ድርሻ ሲያብራሩ እኩል አይሄዱም፤ ያ ክርክር በአንድ ደብዳቤ አያልቅም። ሆኖም ለዘመናት የተወጋገዙት ሉተራውያንና ካቶሊኮች እንኳ እ.ኤ.አ. በ1999 አውግስበርግ ላይ በፈረሙት የጋራ መግለጫ ሰው ለመዳኑ ሙሉ በሙሉ በእግዚአብሔር አዳኝ ጸጋ ላይ እንደሚደገፍ በአንድ ቃል መስክረዋል።

አሁን ወደ ኑሮው ልምጣ። በምክር አገልግሎት ላይ ደጋግሞ የሚታየው ጥፋት የሰውን ድካም ሁሉ አንድ ላይ አጭቆ አንድ መድኃኒት ማዘዝ ነው። ቢያንስ ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ ፍጡር ከመሆናችን የሚመጣ ነው፤ መድከም፣ መታመም፣ ማዘን፣ ማርጀት። ሌላው ተለምኖም የማይነሣ፣ ሰው ተሸክሞት የሚኖር መከራ ነው። ሦስተኛው በኃጢአት ዝንባሌ መሸነፍ ነው። የመጀመሪያውን እንደ ሦስተኛው ያየ ሰው የደከመውን በደለኛ ያደርጋል፤ ሦስተኛውን እንደ መጀመሪያው ያየ ደግሞ በደሉን ድካም ብሎ ያልፈዋል።

የመጀመሪያውን ዓይነት ለማየት 1ኛ ነገሥት 19 ይበቃል። ኤልያስ ከቀርሜሎስ ድል ማግስት ከኤልዛቤል ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባ፤ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞቱን ለመነ። የመጣው መልአክ ስለ እምነቱ ማነስ አንዲት ቃል አልተናገረውም። ያቀረበለት በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ነው። ኤልያስ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ ዳግመኛ አበላው፤ መንገዱ ሩቅ እንደሆነም ነገረው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከአርባ ቀንና ከአርባ ሌሊት ጉዞ በኋላ ኮሬብ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ይስተዋል፤ ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ዳግመኛ ምግብ፣ ጉዞ፣ ከዚያ በኋላ ጥያቄ። ስንቱ መካሪ ነው ከጥያቄው የሚጀምረው!

ሌሊቱን ሕመምተኛ ስታስታምም ያደረች ሴት ጠዋት ጸሎት ቢያቅታት የሚያስፈልጋት እንቅልፍ ነው። ጸጋ ለእርሷ ሕመምተኛውን ለጥቂት ሰዓት የሚረከባት ሰው ሆኖ ይመጣል። ያ ሰው ሳይገኝ ጸልዪ፣ ትበረቺያለሽ ማለት በደከመ ትከሻ ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ነው። በዚሁ መንገድ፣ ሐዘን ወይም የመንፈስ መጨቆን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳይለቅ ሲቆይ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ሲዛባ፣ ሥራ ሁሉ ሲያስጠላ፣ ነገሩ የሐኪም ዓይን ይፈልጋል። ሕይወትን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ሰውየውን ብቻውን ሳይተዉ ወዲያው ወደ ሕክምና ማድረስ ነው፤ ጸሎቱ መንገድ ላይም ይደርሳል። መድኃኒት መውሰድ በጸጋ አለመደገፍ ነው የሚል ካለ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ስለ ተደጋጋሚ ሕመሙ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ የመከረበትን 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥23 ያንብብ። በዚያ ቁጥር ላይ ንስሐ ግባ የሚል የለም።

ሁለተኛው ዓይነት የጳውሎስ የሥጋ መውጊያ ነው (2ኛ ቆሮንቶስ 12)። መውጊያው ምን እንደሆነ ጽሑፉ አይነግረንም፤ የዓይን ሕመም ነው፣ ስደት ነው፣ ሌላ ነው እያሉ ተርጓሚዎች ለብዙ ዘመን ተከራክረዋል። ባይነገረን ይሻላል ባይ ነኝ፤ ተነግሮ ቢሆን ያ ሕመም ያለበት ብቻ ምዕራፉን የራሱ ያደርገው ነበር። የተነገረን ግን ሂደቱ ነው፤ ሂደቱም ሁለት ወገን ላይ ይፈርዳል። አንዱ ወገን መከራ ሲመጣ ሳይለምን «ይሁን፣ መስቀሌ ነው» ብሎ ይቀበላል። ጳውሎስ እንዲህ አላደረገም፤ ከእርሱ እንዲለይ ሦስት ጊዜ ለመነ። ጌታም በጌቴሴማኒ ያንኑ ቃል ለሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ጸልዮአል። ስለዚህ መውጊያው እንዲነሣ በግልጽ መለመን የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ያልለመነ ሰው ተቀብሏል አይባልም፤ ተስፋ ቆርጧል እንጂ። ሌላው ወገን ደግሞ ያልተነሣ ሕመም ሁሉ የእምነት ጉድለት ነው ይላል። ለጳውሎስ የተሰጠው መልስ ግን «ጸጋዬ ይበቃሃል፣ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» የሚል ነበር። መውጊያው ተነቀለ የሚል ቃል አልተጨመረም።

ይህን ወገን የሚረታ ከዚህ የሚጠነክር ማስረጃም አለ። ሐዋርያት ሥራ 19፥12 ከጳውሎስ አካል የተወሰደ ጨርቅ ሕመምተኞችን እንደፈወሰ ይናገራል። ይኸው ጳውሎስ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20 ባልደረባውን ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን እንደተወው ይጽፋል። ማብራሪያ የለም፣ ይቅርታም የለም፣ ጥሮፊሞስ እምነት ጎደለው የሚል ክስም የለም። አፍሮዲጡም ለሞት እስኪቀርብ ታሞ ነበር። የፈውስ ጸጋ በእጁ የነበረ ሐዋርያ ባልደረቦቹ ሲታመሙ ካልወቀሰ እኛ ለመውቀስ ምን ሥልጣን አለን?

ስለ ኃይልም ያለን ግምት መስተካከል አለበት። ኃይል ሲባል መውጊያው ሲነቀል የሚታይ ነገር ይመስለናል። ጳውሎስ በዚያው መልእክት 11ኛ ምዕራፍ ላይ የሚዘረዝረውን ተመልከቱ፤ አምስት ጊዜ አንድ ሲጎድል አርባ ግርፋት፣ ሦስት ጊዜ በበትር መመታት፣ አንድ ጊዜ መወገር፣ ሦስት ጊዜ የመርከብ መሰበር። ዝርዝሩን የሚዘጋው ደማስቆ ላይ በቅጥር መስኮት በቅርጫት ወርዶ ባመለጠበት ሌሊት ነው። ሮማውያን የጠላትን ከተማ ቅጥር ቀድሞ ለወጣ ወታደር የወርቅ አክሊል ይሸልሙ ነበር፤ ጳውሎስ የሚመካው በቅጥር በመውረዱ ነው። ቆሮንቶሳውያን የሚያደንቋቸውን ታላላቅ ሐዋርያት ነን ባዮች በቁጥር በልጦ ለመታየት አልፈለገም፤ ውድድሩን ከነመለኪያው ጣለው። በእርሱ የታየው ኃይል ከመውጊያው ጋር መጓዙ፣ መጻፉ፣ በእጁ እየሠራ ማገልገሉ ነው። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት አማኝ ዛሬ የሚታመመውን ጎረቤቱን ከጠየቀ፣ ያ ኃይል እየሠራ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ብዙ ዝርዝር ይጠይቃል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው «ደካማ ነኝ» ሲል የሚያስበው ይህን ነው። የሲና ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ ሠላሳ ደረጃ ባለው መሰላል በተባለው መጽሐፉ ፈተና እንዴት እንደሚያድግ ለያይቶ አስቀምጧል። መጀመሪያ ሐሳቡ ይመጣል፤ ቀጥሎ ሰውየው ከሐሳቡ ጋር መነጋገር ይጀምራል፤ ከዚያ ይስማማል፤ ከዚያ ይማረካል፤ ትግል አለ፤ በመጨረሻ ነገሩ ልማድ ሆኖ ነፍስ ውስጥ ይሰፍራል። የመጀመሪያው ደረጃ ኃጢአት አይደለም። ይህን ባለማወቅ ብዙዎች ሐሳቡ ብልጭ ባለ ቁጥር «እንግዲህ አንዴ ረክሻለሁ» ብለው እጅ ይሰጣሉ። ሌሎች ደግሞ ከሐሳቡ ጋር ሲጨዋወቱ ቆይተው፣ ከተስማሙ በኋላ ነው «ጌታ ሆይ አድነኝ» የሚሉት። ጸሎቱ አልተሰማም ይላሉ። ተሰምቷል፤ ግን ሰውየው እየለመነ ያለው መውጣት ከማይፈልግበት ቤት እንዲወጣ ነው። ርዳታ የሚጠየቅበት ጊዜ ሐሳቡ ሲመጣና ንግግሩ ገና ሲጀመር ነው።

በቅርብ አንድ ምሳሌ እንይ። አንድ ሰው «ቍጠኛ ነኝ፣ እግዚአብሔር ይርዳኝ» እያለ ለዓመታት ይጸልያል። ጸሎቱ እውነተኛ ነው፤ ዒላማ ግን የለውም። ይህ ሰው ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ በትንሽ ደብተር ላይ አራት ነገር ይጻፍ፦ ስንት ሰዓት ላይ ተቆጣ፣ ከዚያ በፊት ምን ነበር (ረኃብ፣ ድካም፣ የስልክ ንግግር)፣ ምን ዓይነት ሐሳብ መጣበት፣ ምን አደረገ። ከሁለት ሦስት መሥመር አይብለጥ። በሰባተኛው ቀን ገጹን ሲያገላብጥ፣ ቍጣው ሁሉ ከሥራ በተመለሰበት የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ላይ እንደሚነሣ፣ የሚቀድመው ሐሳብም ሁልጊዜ «በዚህ ቤት የሚያከብረኝ የለም» የሚል እንደሆነ ሊያገኘው ይችላል። አሁን ጸሎቱ ቦታና ሰዓት አገኘ። በሩን ከመክፈቱ በፊት አንድ ደቂቃ ቆሞ ይለምናል፤ የሚለምነውም እንዳልቆጣ እርዳኝ ብቻ አይደለም፤ ክብሬን ከአንተ ተቀብዬ ልግባ፣ ከልጆቼ አፍ እንዳልፈልገው እርዳኝ ነው። ረኃብ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ይብላና ከዚያ ስለ ልጁ ውጤት ይጠይቅ። ይህን ማድረግ በጸጋ አለመደገፍ አይደለም፤ የኤልያስ መልአክም ከእንጎቻው ነው የጀመረው።

የደብተሩ ነገር አዲስ ፈጠራ አይደለም። ያው የሲናው ዮሐንስ በጎበኘው ገዳም በምግብ ቤት የሚያገለግል አንድ መነኩሴ ትንሽ ደብተር በወገቡ አንጠልጥሎ የየቀኑን ሐሳቡን እየጻፈ ለአበምኔቱ ይናገር እንደነበር ጽፏል። ሐሳቡ በመጣ ጊዜ ለሚጸለየው ጸሎት ደግሞ ሌላው መነኩሴ ዮሐንስ ካስያን ከግብፅ መነኮሳት የሰበሰበው ምክር አለ፤ የመዝሙር 69ን (በአንዳንድ እትሞች 70) መክፈቻ፣ አቤቱ እኔን ለመርዳት ፍጠን የሚለውን፣ በማንኛውም ፈተና መካከል መደጋገም። አጭር ስለሆነ ልብ ሲበታተንም አይጠፋም። አለመቻልን መናዘዝና በሚችለው መታመን በአንድ ትንፋሽ ይገኙበታል። ረጅም ጸሎት በሰላሙ ጊዜ ጥሩ ነው፤ በፈተና መካከል ግን የሚጸልየው ሰው ቃላቱን ሲፈልግ ሐሳቡ ይቀድመዋል።

ደብተሩ የሚበላሽበትም መንገድ አለ። ከሁለት ሳምንት በላይ ሲዘልቅ ብዙ ጊዜ የሒሳብ መዝገብ ይሆናል፤ ውድቀቱ ያነሰለት ይኩራራል፣ የበዛበት ተስፋ ይቆርጣል፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ከክርስቶስ አንሥተው ራሳቸው ላይ ተክለዋል። በሉቃስ 18 ያለው ፈሪሳዊ በሳምንት ሁለት ጊዜ መጾሙና ዐሥራት ማውጣቱ ጥፋት አልነበረም፤ ጥፋቱ ሪፖርቱን ይዞ መቆሙ ነው። ከዚህ ሌላ፣ አንድን ኃጢአት በቀን ብዙ ጊዜ የሚናዘዙ፣ ጸሎቱ በትክክል አልተባለም ብለው ደጋግመው ከመጀመሪያው የሚጀምሩ፣ ይቅርታ ማግኘታቸውን ማመን ያቃታቸው ሰዎች አሉ። ለእነዚህ ደብተር መርዝ ነው። ይዝጉት፤ አንድ መካሪ ይያዙና የተናዘዙትን እንዳይደግሙ ሲላቸው ይታዘዙ፤ ጭንቀቱ ካልለቀቀ ሐኪም ያማክሩ።

ሌላው ተደጋጋሚ ጥያቄ «ትናንት በጸሎት በርትቼ ነበር፣ ዛሬ ለምን ባዶ ሆንኩ?» የሚል ነው። መና ለእያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ ጎሞር ነበር፤ ለነገ ያስተረፉት ግን ተላ፣ ሸተተም (ዘጸአት 16)። ዕብራውያን 4፥16ም የሚናገረው በሚያስፈልገን ጊዜ ስለሚረዳን ጸጋ ነው። የባለፈው ዓመት የጸሎት ሳምንት ስንቅ ለዛሬ አይሆንም። የዛሬው ባዶነት የትናንቱ በረከት ሐሰት እንደነበር አያሳይም።

ድካምን ለሰው መናገርም ከጸጋ መንገዶች አንዱ ነው፤ ያዕቆብ 5፥16 መናዘዝን፣ መጸለይንና መፈወስን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያያይዛቸዋል። ለንስሐ አባት፣ ለመጋቢ ወይም ለታመነ የእምነት ወዳጅ ይሁን፣ የሚበላሸው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ሰውየው የራሱን ትቶ ያስቆጡትን ሰዎች ኃጢአት ይናዘዛል። ወይም «በአጠቃላይ ደካማ ነኝ» ብሎ የሚያሳፍረውን ነገር በአጠቃላይ ቃል ይሸፍነዋል። ወይም ወሬ የማያሳድር ሰው መርጦ በማግስቱ ይጸጸታል። የሚያስፈልገው አጭር ነው፤ ምን እንዳደረገ፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ማንን እንደጎዳ፣ ምን ርዳታ እንደሚፈልግ። ምክንያት አይጨመርበት፤ ማስጌጫም አያስፈልገው።

ከወደቁ በኋላስ? እዚህ ላይ ጴጥሮስንና ይሁዳን ጎን ለጎን ማየት ይገባል። ሁለቱም በአንድ ሌሊት ወደቁ፤ ሁለቱም ተጸጸቱ። ይሁዳ እንዲያውም ሠላሳውን ብር መልሷል፣ ንጹሕ ደም አሳልፌ ሰጠሁ ብሎም ተናግሯል። መራራ ጸጸት ብቻውን የሚያድን ቢሆን ይሁዳ በዳነ ነበር። እርሱ የተናዘዘው ለካህናት አለቆች ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ፍርዱን በራሱ እጅ ፈጸመ። ጴጥሮስ ግን አልቅሶ ከወንድሞቹ ጋር ቆየ። ከዚህም የሚቀድም ነገር አለ፤ በሉቃስ 22፥32 ጌታ እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ ለመንሁ ያለው ዶሮው ሳይጮኽ፣ ጴጥሮስም እኔ ከቶ አልሰናከልም እያለ ሳለ ነው። በተመለስህ ጊዜ ወንድሞችህን አጽና አለው እንጂ ካልወደቅህ አላለውም። ጸጋ ከፊት ነው ማለት ይህ ነው። በዮሐንስ 21 ደግሞ ጌታ ጴጥሮስ በካደበት በሊቀ ካህናቱ ግቢ እንደነበረው ያለ የፍም እሳት አንድዶ፣ መጀመሪያ ቁርስ አብልቶ፣ እንደ ክሕደቱ ቁጥር ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ብሎ ጠየቀው። ከእንግዲህ እንደማይክድ መሐላ አላስገባውም። ጴጥሮስም በዚያ ጠዋት ከሌሎቹ ይልቅ እወድሃለሁ ብሎ ራሱን አላወዳደረም።

ስለዚህ የወደቀ ሰው ሊጠነቀቅ የሚገባው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መዘግየት። «በዚህ አፌ እንዴት እጸልያለሁ፣ ጥቂት ቀን ልንጻ» ይልና ጸሎት ያቋርጣል፤ ሦስት ቀን ይሆናል፣ ሳምንት ይሆናል፣ ባዶውን ጊዜ ያው ኃጢአት ይሞላዋል። ለማን ነው የሚነጻው? የሚያነጻውን እየሸሸ! በወደቀበት ሰዓት፣ በዚያው አፉ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጸልይ፤ የዕለቱንም የተለመደ ጸሎት አያስቀር። ሁለተኛው ስእለት ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ካደረግኩ እንዲህ ልሁን» የሚል መሐላ የሚመነጨው በገዛ ጉልበቱ ከመተማመን ነው፤ ያ ጉልበት ደግሞ አሁን ጥሎታል። ከመሐላ ይልቅ መንገድ ይዝጋ፤ ስልኩን ከመኝታ ክፍል ያውጣ፣ ገንዘቡን ሌላ ሰው ይያዝለት፣ ብቻውን የማይሆንበትን ሰዓት ያመቻች።

ጉዳት የደረሰበት ሌላ ሰው ካለ ካሣ አለ። ዘኬዎስ ጌታ ቤቱ ሲገባ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች፣ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ጸጋው ቀደመ፣ ካሣው ተከተለ። ካሣ ለጸጋ ዋጋ መክፈል አይደለም፤ ያለ ካሣ ግን ዘኬዎስ ጸጋውን ተቀብሏል ብሎ የሚያምነው የተቀማ ሰው አይኖርም።

እዚህ ላይ ለሁለተኛው ጸሐፊያችሁ አንድ ጠንከር ያለ ቃል አለኝ። «ሁላችንም ደካሞች ነን» የሚለው እውነት ሚስቱን የሚደበድብ ሰው አፍ ላይ ሲገባ፣ ወይም የአምልኮ ቤት ገንዘብ ያጎደለ አገልጋይ ሲጠቀምበት፣ መሸሸጊያ ይሆናል። የምትደበደበዋን ሴት የጳውሎስን መውጊያ እየጠቀሱ ታገሺ ማለት ምዕራፉን ማጣመም ነው። ጳውሎስ ስለ ራሱ መውጊያ ነው የጻፈው እንጂ ሌላው ሰው በእርሱ ምክንያት ስለሚሸከመው አይደለም፤ እርሱ ራሱ ሊገርፉት ሲያስሩት የሮም ዜግነቱን ጠርቶ ግርፋቱን አስቁሟል (ሐዋርያት ሥራ 22፥25)። ተጎጂዋ መጀመሪያ ከጉዳት ትጠበቅ፤ ሕግ የሚገባበት ጉዳይ ከሆነም ይግባበት። የበደለው ይቅርታ ሊያገኝ ይችላል። ይቅርታው ግን ሥልጣኑንም ሆነ የበደላትን ሰው እምነት በዚያው ቀን አይመልስለትም። ይህን መለየት ያቃታቸው መሪዎች ጸጋን ሲሰብኩ ምእመናን ጆሯቸውን ቢደፍኑ አያስገርምም።

ለዓምዱ አዘጋጆች አንድ ልመና አለኝ። የምስክርነት ጽሑፎችን ስትመርጡ የተፈወሱትንና ልማዳቸውን በአንድ ቀን የጣሉትን ብቻ አታትሙ። ለምኖ ለምኖ መውጊያው ያልተነሣለት፣ እንደ ጥሮፊሞስ ታሞ የቀረ፣ ግን በእምነቱ የጸና ሰውም ይጻፍ። ስሙ ባይጠቀስ፣ ከሦስት መቶ ቃል ባይበልጥ፣ ምን እንደለመነ፣ ምን እንዳላገኘና ዛሬን በምን እንደሚውል ብቻ ቢናገር ይበቃል። ከሁለት ሳምንት አንዴ እንኳ አንድ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ብታወጡ፣ ሁለቱ ጸሐፊዎቻችሁ የጀመሩትን ክርክር ከእኛ ይልቅ እነዚያ ሰዎች አስተካክለው ያስረዱታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ